ስክሪን በሌለው ሰርቨር ላይ ቪፒኤንን ከተርሚናል ማስተዳደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰርቨር ብዙ ጊዜ የማታዩት ማሽን ነው። ወይ ጀርመን ዳታ ሴንተር ውስጥ የተከራያችሁት ቪፒኤስ (ቨርችዋል ሰርቨር) ነው፣ ወይ ቢሮ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ራስበሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር። ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድ የለውም። መግቢያው ኤስኤስኤች ብቻ ነው፤ ከሩቅ በተርሚናል የሚገባበት መንገድ። ቪፒኤን ደግሞ በማሽኖች መካከል የተመሰጠረ ዋሻ ዘርግቶ የኔትወርኩን መንገድ የሚቀይር ነገር ነው። እናንተ የገባችሁበት መንገድ ራሱ እግራችሁ ሥር እየተቀየረ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ቢበላሽ በምን ተመልሼ እገባለሁ? ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ብዙም አይርቁም።

ትእዛዞቹን በፊደላችን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ግን በትንንሹ የላቲን ፊደል ነው የሚተየቡት። ደብሊውጂ ስል ሁለት ሆሄ ነው፤ ደብሊው እና ጂ።

የትኛውን ቪፒኤን ልምረጥ?

ስክሪን ለሌለው ሰርቨር የእኔ ምርጫ ዋየርጋርድ ነው። ጄሰን ዶነንፌልድ የጀመረው ሥራ ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 2020 ከወጣው 5.6 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አካል ሆኗል። ዛሬ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዋየርጋርድ ብላችሁ መሣሪያዎቹን መጫን ይበቃል። ነገሩ በሙሉ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው። ሎግኢን የለም፣ ብራውዘር የለም፣ ጊዜው የሚያልፍበት ሰርተፊኬት የለም።

ኦፕንቪፒኤን አንጋፋ ነው፣ ከ2001 ጀምሮ አለ። ዩዲፒና ቲሲፒ ዳታ በኔትወርክ የሚጓዝባቸው ሁለት ዘዴዎች ናቸው፤ ዋየርጋርድ የሚሄደው በዩዲፒ ብቻ ስለሆነ፣ ያላችሁበት ኔትወርክ ዩዲፒን ከዘጋ ኦፕንቪፒኤንን በቲሲፒ ፖርት 443 ማስኬድ መውጫ ይሆናችኋል።

ቴይልስኬል ደግሞ በዋየርጋርድ ላይ የተሠራ ነው፤ ቁልፍ ማደሉን ራሱ ይሠራላችኋል። ሰርቨሩ ላይ ቴይልስኬል አፕ ስትሉ ሊንክ ያወጣል። ሊንኩን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ታጸድቁታላችሁ። ምቹ ነው። ነገር ግን የማሽኑ ቁልፍ ካልነካችሁት በ180 ቀን ጊዜው ያልፋል። ለላፕቶፕ ጥሩ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ሩቅ ያለ ሰርቨር ድንገት ሲጠፋ ግን ሰው ምን እንደተፈጠረ አይገባውም። ለሰርቨር የቁልፉን ማለፊያ ጊዜ ከማስተዳደሪያ ገጹ አጥፉት።

ቁልፎቹንና ኮንፊግ ፋይሉን እንዴት ላዘጋጅ?

መጀመሪያ ዩማስክ 077 በሉ፤ ከዚያ በኋላ የምትፈጥሩትን ፋይል ከእናንተ በቀር ማንም እንዳያነበው ነው። ደብሊውጂ ጄንኪ ሚስጥራዊውን ቁልፍ ያወጣል። እሱን ለደብሊውጂ ፐብኪ ብትሰጡት ለሌላው ወገን የሚሰጠውን ይፋ ቁልፍ ያወጣላችኋል። ሚስጥራዊው ቁልፍ ከተፈጠረበት ማሽን ንቅንቅ አይበል። በቴሌግራም መላክ የለም፣ በኢሜይል መላክ የለም።

ፋይሉ /ኢቲሲ/ዋየርጋርድ/ደብሊውጂ0.ኮንፍ ነው፤ ፈቃዱ 600 ይሁን፣ ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበውና እንዲጽፍበት። ሁለት ክፍል አለው። ኢንተርፌስ የሚለው ሥር የራሳችሁ ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ በቪፒኤኑ ውስጥ የምትጠሩበት አድራሻና ፖርቱ ይገባሉ። በልማድ ፖርቱ 51820 ነው። ፒር የሚለው ሥር የሌላው ወገን ይፋ ቁልፍና የሚገኝበት አድራሻ ይገባሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ ፒር ሥር የራሱን ይፋ ቁልፍ ይለጥፋል። ቁልፎቹ ሲያዩዋቸው ስለሚመሳሰሉ ዓይን አይለያቸውም። እኔ የእያንዳንዱን ቁልፍ የመጀመሪያ አራት ሆሄ ወረቀት ላይ ጽፌ አመሳክራለሁ።

ቪፒኤኑን ሳስነሳ ኤስኤስኤቹ ቀጥ አለ። ለምን?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ደብሊውጂ-ኩዊክ አፕ ደብሊውጂ0 ብላችሁ ኢንተር ትጫናላችሁ። ሁለት ሦስት መስመር ይወርዳል። ከዚያ ዝም። የምትተይቡት አይታይም።

ፒር ሥር አላውድአይፒስ የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ 0.0.0.0/0 ካለ፣ ሰርቨሩን «ወደ ዓለም የሚሄደውን ሁሉ በዚህ ዋሻ አውጣ» ብላችሁታል ማለት ነው። ለላፕቶፕ ትክክል ነው። ሰርቨር ላይ ግን የእናንተ ኤስኤስኤች የሚመጣው በፊት በር ነው። ሰርቨሩ ጥያቄውን ይቀበላል፤ መልሱን ግን አሁን ባዘዛችሁት መሠረት በዋሻው ይልከዋል። ላፕቶፓችሁ ከአንዱ አድራሻ ጠይቆ ከሌላ አድራሻ የመጣ መልስ አይቀበልም። በኢንተርኔት ከሚሰጡ የቪፒኤን አገልግሎቶች የሚወርዱት ዝግጁ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ ይህንን መስመር ይዘው ነው የሚመጡት፤ የተዘጋጁት ለስልክና ለላፕቶፕ ነውና።

የምትፈልጉት ሰርቨሮቻችሁ በግል እንዲገናኙ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ያንን መስመር ወደ 10.8.0.0/24 ወይም ለቪፒኤናችሁ ወደመረጣችሁት የውስጥ አድራሻ አጥብቡት። ሌላው ትራፊክ በቀድሞ መንገዱ ይሄዳል፣ ኤስኤስኤቹም አይነካም።

የግድ ሁሉም በቪፒኤኑ ይውጣ ካላችሁ ኢንተርፌስ ሥር ይህን ጨምሩ፦

ፖስትአፕ = አይፒ ሩል አድ ፍሮም የሰርቨሩ-አይፒ ቴብል ሜይን

«ከዚህ አድራሻ የሚወጣ መልስ በዋናው መንገድ ይሂድ» ማለት ነው። ፕሪዳውን ላይ ያንኑ መስመር አድ የሚለውን በዴል ቀይራችሁ አስገቡ፣ ሲወርድ እንዲጸዳ። አንዳንድ ክላውድ ላይ ፐብሊክ አይፒው ማሽኑ ላይ አይገኝም፤ ማሽኑ የያዘው የውስጥ አድራሻ ነው። ስለዚህ አይፒ አድር ብላችሁ ማሽኑ ራሱ የሚያሳያችሁን አድራሻ ነው የምትጽፉት።

ውጪ ተቆልፌ እንዳልቀር አስቀድሜ ምን ላድርግ?

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ነበር፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት። ቤቴ ሆኜ ቪፒኤኑን አስነሳሁ፣ ተርሚናሉ ቀጥ አለ። ችግሩን አወቅሁት፤ አላውድአይፒስን ሳላጠብ ነበር። ማሽኑ ጠፍቶ ቢነሳ ይስተካከላል ብዬ ለዘበኛው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ። ሰርቨር ክፍል ገብተው አንድ ነገር ያዩልኛል?»

«ምን ችግር አለ ልጄ፣ ንገረኝ ብቻ።»

ቁልፍ ፈልገው ገቡ። የትኛው ሳጥን እንደሆነ በመብራቱ ነገርኳቸው። አጠፉት፣ እስከ ሃያ ቆጠሩ፣ አበሩት። «አረንጓዴዋ ብልጭ ድርግም ትላለች» አሉኝ። እኔ ግን አሁንም መግባት አልቻልኩም። ለካ አገልግሎቱን ሳልሞክረው አስቀድሜ ኢነብል አድርጌው ነበር። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ያው የተበላሸው ዋሻ አብሮት ይነሳል። በነጋታው ሞኒተርና ኪቦርድ ተሸክሜ ሄድኩ። ያን ቀን ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሲጠብቀኝ ያየሁት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ቪፒኤን ከማስነሳቴ በፊት ይህችን እተይባለሁ፦

ሱዶ ሲስተምዲ-ረን --ዩኒት=ደብሊውጂ-ሪስኪው --ኦን-አክቲቭ=5ኤም ደብሊውጂ-ኩዊክ ዳውን ደብሊውጂ0

«ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቪፒኤኑን አውርደው» የሚል ቀጠሮ ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ የእኔ ኮኔክሽን ቢቋረጥም ይፈጸማል። ከዚያ ቪፒኤኑን አስነሳለሁ። አሁን የተከፈተውን መስኮት አላምነውም፤ ሌላ ተርሚናል ከፍቼ እንደ አዲስ በኤስኤስኤች እገባለሁ። ከገባሁ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ደብሊውጂ-ሪስኪው.ታይመር ብዬ ቀጠሮውን እሰርዛለሁ። ካልገባሁ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ይህችን ልማድ ያዙልኝ፤ እለምናችኋለሁ።

አሁኑኑ ተቆልፌያለሁ። ምን ይሻለኛል?

ቪፒኤስ ከሆነ የአብዛኞቹ አቅራቢዎች ድረ ገጽ ላይ ኮንሶል የሚል ቁልፍ አለ። ማሽኑ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ያህል ስክሪኑን ያሳያችኋል፤ ኔትወርኩ ቢበላሽም ይሠራል። እዚያ የሚጠየቀው ግን ፓስወርድ ነው። በኤስኤስኤች ቁልፍ ብቻ ስትገቡ የኖራችሁ ከሆነ ፓስወርድ ላይኖራችሁ ይችላል። ዛሬ ሁሉም ሰላም እያለ ፓስወርድ አውጡ፣ ኮንሶሉንም አንዴ ገብታችሁ ሞክሩት። ኮንሶል ከሌለ ሪስኪው ሞድ የሚባለውን ፈልጉ፤ ዲስኩን ከሌላ ሲስተም ላይ ከፍታችሁ የኮንፊግ ፋይሉን ስም ብትቀይሩት ይበቃል።

ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ በራሱ እንዲነሳስ?

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢነብል ደብሊውጂ-ኩዊክ@ደብሊውጂ0። ከላይ ያለውን ፈተና ካለፈ በኋላ ብቻ። ደግሞ በእጃችሁ አስነስታችሁት ከሆነ ሲስተምሲቲኤል ስታርት ስትሉት «ቀድሞ አለ» ብሎ ይወድቃል፤ መጀመሪያ በእጃችሁ አውርዱት።

መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

ዋየርጋርድ «ተገናኝቷል» የሚል ቃል የለውም። ሱዶ ደብሊውጂ ሾው በሉና ሁለት መስመር አንብቡ። ሌተስት ሃንድሼክ የሚለው ሁለቱ ማሽኖች ለመጨረሻ ጊዜ ሰላም የተባባሉበት ጊዜ ነው። ትራፊክ እየሄደ ከሆነ በየሁለት ደቂቃው ገደማ ይታደሳል፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይ ማንም እየተጠቀመ አይደለም፣ ወይ ተበላሽቷል።

ትራንስፈር የሚለው መስመር የበለጠ ይናገራል። የተላከው እየጨመረ የተቀበለው ዜሮ ላይ ከቆመ፣ እናንተ እየተጣራችሁ ነው፣ የሚመልስ ግን የለም። ወይ ፋየርዎሉ ፖርቱን አልከፈተም፣ ወይ አድራሻው ተሳስቷል፣ ወይ ቁልፉ አይገጥምም። የሚያስቸግረው ዋየርጋርድ ለማያውቀው ሰው ፈጽሞ መልስ አለመስጠቱ ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ፖርት የሚያስስ ሰው እንኳ መኖሩን እንዳያውቅ። ስለዚህ ቁልፍ ብትሳሳቱ «ተሳስታችኋል» አይላችሁም። ለመለየት ሌላው ሰርቨር ላይ ሱዶ ቲሲፒደምፕ -ኤንአይ ኤኒ ዩዲፒ ፖርት 51820 ብላችሁ ተመልከቱ። ፓኬት ምንም ካልመጣ ጉዳዩ ፋየርዎል ወይም አድራሻ ነው። ፓኬት እየመጣ መልስ ካልወጣ ቁልፎቹን እንደገና አመሳክሩ።

ፒንግ ይሠራል፣ ትልቅ ነገር ሲላክ ግን ይንጠለጠላል።

ኤምቲዩ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው የፓኬት ትልቁ መጠን። ደብሊውጂ-ኩዊክ ብዙውን ጊዜ 1420 ያደርገዋል፤ ይህ ግን ሥር ያለው መስመር 1500 እስከሆነ ድረስ ነው። በሞባይል ዳታ ወይም በሌላ ዋሻ ውስጥ ስታልፉ ትልልቁ ፓኬት ላያልፍ ይችላል። ኢንተርፌስ ሥር ኤምቲዩ = 1280 ብላችሁ በሁለቱም ወገን ሞክሩ። ከተስተካከለ ምክንያቱን አገኛችሁ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት።

ቢሮዬ ፐብሊክ አይፒ የለውም። ከቤት እንዴት ልግባ?

አዲስ አበባ ላይ በ4ጂ ራውተር ወይም በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ራውተራችሁ ላይ የሚታየው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ ከብዙ ደንበኞች ጋር አንድ አድራሻ እየተጋራችሁ ነው። ከውጪ ማንም ወደ እናንተ በቀጥታ መምጣት አይችልም፤ ራውተሩ ላይ ፖርት ብትከፍቱም ዋጋ የለውም።

መፍትሔው መሐል ላይ መገናኛ ማስቀመጥ ነው። ፐብሊክ አይፒ ያለው አነስተኛ ቪፒኤስ ተከራዩ። የቢሮው ማሽንም፣ የእናንተ ላፕቶፕም ወደ እሱ ይደውላሉ። ቢሮ ያለው ማሽን ላይ ፐርሲስተንትኪፕአላይቭ = 25 የሚለውን መስመር አትርሱ። በየ25 ሰከንዱ ትንሽ ፓኬት ይልካል፤ መሐል ያሉት ራውተሮች መንገዱን ረስተው እንዳይዘጉት። ይህች መስመር ከሌለች ማታ ጸጥ ሲል በሩ ይዘጋና እናንተ ከውጪ ማንኳኳት አትችሉም።

መሐል ያለው ቪፒኤስ ላይ ደግሞ ኔት.አይፒቪ4.አይፒ_ፎርዋርድ 1 መሆን አለበት፤ ያለዚያ ከአንዱ የተቀበለውን ለሌላው አያሻግርም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራስበሪ ፓዩ ይነሳል፣ ቪፒኤኑ ግን አይገናኝም።

ይህንን ለማግኘት ብዙ ሰው ቀናት ይፈጅበታል፤ ምክንያቱም ኮንፊጉ ትክክል ነው፣ ቁልፉ ትክክል ነው፣ ትናንት ይሠራ ነበር። ችግሩ ሰዓቱ ነው።

እስከ ራስበሪ ፓይ 4 ያሉት ባትሪ ያለው የራሳቸው ሰዓት የላቸውም። 5 ላይ ሰዓቱ አለ፣ ባትሪው ግን ለብቻ ነው የሚገዛው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ የመዘገበውን ሰዓት ይዞ ይነሳል። መብራት ለአራት ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ፓዩ ከአራት ሰዓት በላይ ወደኋላ ቀርቷል። ዋየርጋርድ ደግሞ በመጀመሪያው ሰላምታ ውስጥ ሰዓት አስገብቶ ይልካል። ተቀባዩ ከዚያ ማሽን ያየውን የመጨረሻ ሰዓት ያስታውሳል፤ ከዚያ ያነሰ ከመጣ «አሮጌ መልእክት ቀድቶ የሚልክ ሌባ ይሆናል» ብሎ ይጥለዋል። በዝምታ።

ኢንተርኔት ካለ ሰዓቱ በኤንቲፒ (ሰዓትን ከኢንተርኔት በሚያመሳስለው ዘዴ) ራሱን ያስተካክላል፣ ዋሻውም ይነሳል። ግን ሁሉም ትራፊክ በዋሻው ይውጣ ብላችሁ ከሆነ የሰዓት ጥያቄውም ወደ ዋሻው ይገባል። ዋሻው ሰዓት እስኪስተካከል ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ዋሻው እስኪከፈት ይጠብቃል። እንደዚያ ተፋጠው ይቀራሉ።

ሦስት መውጫ አለ። ቋሚው ዲኤስ3231 የሚባል ትንሽ የሰዓት ሞጁል ከነባትሪው ፓዩ ላይ መሰካት ነው። ሁለተኛው ሲስተምዲ-ታይም-ዌይት-ሲንክ የሚባለውን አገልግሎት ኢነብል አድርጎ፣ ቪፒኤኑ ከታይም-ሲንክ.ታርጌት በኋላ እንዲነሳ ማዘዝ ነው። ለአሁኑ ጭንቅ ደግሞ፣ መሐል ያለው ሰርቨር ላይ ያንን ፒር አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገቡት። የሚያስታውሰው ሰዓት አብሮ ይጠፋል፣ ሰላምታውም ይቀበለዋል።

ሌሎቹን ሳላቋርጥ አዲስ ሰው እንዴት ልጨምር?

ፋይሉን አርሙና ሩት ሆናችሁ ይህን በሉ፦

ደብሊውጂ ሲንክኮንፍ ደብሊውጂ0 <(ደብሊውጂ-ኩዊክ ስትሪፕ ደብሊውጂ0)

የተቀየረውን ብቻ ይወስዳል፤ ሌሎቹ መቀየሩን እንኳ አያውቁም። ላፕቶፑ የተሰረቀበት ሰው ካለ ግን አትዘግዩ፦ ደብሊውጂ ሴት ደብሊውጂ0 ፒር ይፋ-ቁልፉ ሪሙቭ። ወዲያው ይቆረጣል። ከፋይሉም አጥፉት፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ሪስታርት ሌባው ተመልሶ ይገባል።

ፋይላችሁ ውስጥ ሴቭኮንፊግ = ትሩ የሚል ካለ ተጠንቀቁ። ቪፒኤኑ ሲወርድ በሥራ ላይ የነበረውን ሁኔታ ፋይሉ ላይ ይገለብጣል። እናንተ በእጅ የጻፋችሁት ይጠፋል። እኔ ፈጽሞ አልጠቀምበትም።

ኦፕንቪፒኤን በተነሳ ቁጥር ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ስክሪን የለኝ፣ ማን ይመልስለት?

ስሙን በመጀመሪያው መስመር፣ ፓስወርዱን በሁለተኛው መስመር የያዘ ፋይል አዘጋጁ፤ ፈቃዱ 600። ከዚያ ኮንፊጉ ውስጥ ኦውዝ-ዩዘር-ፓስ ከሚለው ቀጥሎ የዚያን ፋይል ሙሉ መንገድ ጻፉ። ኮንፊጉን /ኢቲሲ/ኦፕንቪፒኤን/ክላየንት/ ውስጥ አስቀምጡት። መጨረሻው .ኮንፍ መሆን አለበት፤ የተሰጣችሁ .ኦቪፒኤን ከሆነ ስሙን ቀይሩ፣ ያለዚያ ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳው የሊኑክስ ክፍል) አያየውም። ፋይሉ ቢሮ.ኮንፍ ዓይነት ስም ካለው የምታስነሱት ኦፕንቪፒኤን-ክላየንት@ ብላችሁ ያንኑ ስም በላቲን አስከትላችሁ ነው። እምቢ ካለ ጆርናልሲቲኤል -ዩ ብላችሁ የአገልግሎቱን ስም ጨምሩ። ኦፕንቪፒኤን እንደ ዋየርጋርድ ዝምተኛ አይደለም፤ ፓስወርድ ይሁን ሰርተፊኬት፣ የቸገረውን እዚያው ይነግራችኋል።